ከምላጭ ወደ ጫማ፦ የውስጥ እግር መጅ አያያዝ ታሪክ

ሥራ የለመደ እጅ፣ መንገድ የለመደ እግር መጅ ያወጣል። መጅ ጫናና ሰበቃ ሲደጋገምበት የወፈረና የጠጠረ ቆዳ ነው። በቋንቋችን የወፍጮው የላይ ድንጋይም በዚሁ ስም ይጠራል፤ ሁለቱም በጥንካሬያቸው ይመሳሰላሉ። ለጤነኛ ሰው መጅ ተፈጥሮ የሰጠችው ጋሻ ነው። ባዶ እግሩን የሚሄድ ገበሬ ኮረቱንና ጋሬጣውን ደፍሮ የሚረግጠው በዚሁ ጋሻ ተማምኖ ነው። ይኸው ጋሻ ግን የስኳር በሽታ፣ የሥጋ ደዌ ወይም የመገጣጠሚያ ብግነት ለዓመታት በተጫነው ሰው እግር ላይ ሲወጣ ጠባዩን ይለውጣል። አንዱን በየእርምጃው እያሳመመ ከመንገድ ያስቀረዋል፤ ሌላውን ደግሞ ምንም ሳያሳምመው እግሩን እስከ ማሳጣት ያደርሰዋል።

ይህን መጅ እንዴት መያዝ ይገባል የሚለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ አለው። ታሪኩ የሕክምና ብቻ ሳይሆን የጎማ፣ የጀሶና የጫማ ስፌት ታሪክም ጭምር ነው። መልሱ የተገኘው አዲስ መድኃኒት ከመቀመም ይልቅ ኃይልን በሰፊ ቦታ ላይ ከማካፈል በመሆኑ፣ ጉዳዩ የመሐንዲሱን ሙያ በቀጥታ የሚነካ ሆኖ ይገኛል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የጫናው ሒሳብ

ነገሩን ለመረዳት ከቀላል ሒሳብ መነሣት ይሻላል። ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል የሚገኘው ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ እግሩ ሲቆም ክብደቱ በ100 ካሬ ሴንቲ ሜትር የውስጥ እግር ላይ እኩል ቢያርፍ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚወድቀው 0.6 ኪሎ ብቻ ይሆናል። ጣቶቹ ተቆልምመው ያው ክብደት ከአውራ ጣት ሥር ባለች 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቦታ ላይ ቢሰበሰብ ግን፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚወድቀው 10 ኪሎ ይደርሳል። ሰውዬውም ክብደቱም ያው ናቸው፤ የተለወጠው ክብደቱ የሚያርፍበት ስፋት ነው።

ቆዳ ለዚህ ግፊት የሚሰጠው መልስ መወፈር ነው። እስከ ተወሰነ ደረጃ ድረስ መልሱ ይጠቅማል። ከዚያ ሲያልፍ ግን የጠጠረው ቆዳ ራሱ ጫማ ውስጥ እንደ ገባ ጠጠር ይሆንና ከላዩ ያለውን ለስላሳ ሥጋ ከአጥንቱ ጋር ይጨፈልቀዋል። ግፊቱ መጁን ያወፍራል፤ መጁም ግፊቱን ያበዛል። እንዲህ እየተመላለሰ ከመጁ በስተ ውስጥ ደም ይቋጥራል፤ ሲያዩት ደረቅና ጤናማ በሚመስለው ቆዳ ውስጥም ቁስል ይጀምራል።

ጤነኛ ሰው እዚህ ደረጃ ላይ የማይደርሰው ሕመም ስለሚጠብቀው ነው። ሳይታወቀው ያነክሳል፤ ክብደቱን ወደ ሌላው ጎን ያዛውራል፤ ጫማውን ያወልቃል፤ ይቀመጣል። ሕመም ያለ ማቋረጥ የሚሠራ የግፊት መለኪያ ነው ለማለት ይቻላል። የሥጋ ደዌና የስኳር በሽታ የስሜት ነርቮችን ሲጎዱ ይህ መለኪያ ይጠፋል። ላብን የሚያዙት ነርቮች ሲጎዱ ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። የእግር ጡንቻዎችን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ሲዳከሙም ጣቶቹ ይቆለመማሉ፤ ጫናውም በጥቂት የአጥንት ጫፎች ላይ ይሰበሰባል።

በመገጣጠሚያ ብግነት የታመመው ሰው ዕጣ ከዚህ ይለያል። የጣቶቹ መጋጠሚያዎች ከቦታቸው እየወጡ አጥንቶቹ ወደ ታች ይገፋሉ፤ ስሜቱ ግን አልጠፋምና በመጁ ላይ የሚያሳርፈው እያንዳንዱ እርምጃ ሹል ጠጠር እንደ መርገጥ ይሆንበታል። በአንዱ እግር ሕመሙ በዝቷል፤ በሌላው ጠፍቷል። የሁለቱም ምንጭ ግን በጠባብ ቦታ ላይ የተሰበሰበ ጫና ነው።

ከትሬቭስ እስከ ጆስሊን

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የፈረንሳይ ሐኪሞች በውስጥ እግር ላይ ከመጅ መካከል የሚፈልቀውንና ወደ አጥንት የሚዘልቀውን ቁስል “በሺ በሽታ” የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጡለት። በ1873 ዱፕሌና ሞራ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የቁስሉ መነሻ የነርቭ ጉዳት መሆኑን አስረዱ። በ1884 ደግሞ የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ፍሬድሪክ ትሬቭስ ስለዚሁ ቁስል ሕክምና ጽፎ አሳተመ። ትሬቭስ ኋላ በ1902 የእንግሊዙን ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛን በቀዶ ሕክምና በማዳኑ ስሙ የገነነ ሰው ነው። በ1884ቱ ጽሑፉ ያስተማረው ቁም ነገር ግን ከቤተ መንግሥት ይልቅ ለእግረኛው ሕዝብ የሚበጅ ነበር፦ በቁስሉ ዙሪያ የተከመረውን ቆዳ ማለስለስ፣ ደጋግሞ እየፋቁ ማንሣት፣ እግሩንም ማሳረፍ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1887፣ ፕራይስ የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ሐኪም ይኸው ቁስል በስኳር በሽተኛ በሁለቱም እግሮች ላይ መታየቱን ገለጸ።

ትምህርቱ ቢታወቅም ሥር አልሰደደም። ብዙዎቹ ሐኪሞች ነርቭ ሥጋን የሚመግብ ስለሆነ ነርቭ ሲሞት ሥጋው በራሱ ጊዜ ይፈርሳል ብለው ያምኑ ነበር። ይህ እምነት ያስከተለው መዘዝ ቀላል አልነበረም። ሥጋው በራሱ የሚፈርስ ከሆነ ጫማ ቢለወጥ፣ መጅ ቢፋቅ፣ እግር ቢያርፍ ምን ይጠቅማል? በመሆኑም ቁስሉ በጨርቅ ይታሰራል፤ ሕመምተኛውም በዚያው እግር እየሄደ ይመለሳል፤ በመጨረሻም እግሩ ይቆረጣል።

በ1921 በካናዳ ከተማ በቶሮንቶ ኢንሱሊን ሲገኝ የስኳር በሽተኞች ዕድሜ ረዘመ። ዕድሜ ሲረዝም ግን ነርቭና የደም ሥር የሚጎዱበት ጊዜም አብሮ ረዘመ። በአሜሪካ የቦስተኑ ሐኪም ኤሊየት ጆስሊን በ1934 ባሳተመው ጽሑፍ የእግር መበስበስ በስኳር በሽተኞች ላይ ያንዣበበ አደጋ መሆኑን አስጠንቅቆ፣ በንጽሕናና በዕለታዊ ጥንቃቄ ሊከላከሉት እንደሚቻል አሳሰበ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ ጫናው ራሱ ገና አልተለካም።

ጎማና ጀሶ

የጫናው ጥናት የተጀመረው የስኳር በሽታ ሳይሆን የሥጋ ደዌ በሚታከምበት ቦታ ነው። እንግሊዛዊው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ በ1914 ሕንድ አገር ተወልዶ፣ በ1946 በደቡብ ሕንድ በቬሎር ከተማ በሚገኘው የክርስቲያን ሕክምና ኮሌጅ ሥራ ጀመረ። በዚያን ጊዜ የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ጣትና እግር በበሽታው ምክንያት በራሱ እየፈረሰ ይወድቃል የሚለው አስተሳሰብ የጸና ነበር። ብራንድና ባልደረቦቹ ቁስሎቹን አንድ በአንድ መነሻቸውን ሲመረምሩ፣ ከትኩስ ዕቃ፣ ከምስማር፣ ከጠባብ ጫማ፣ ከረጅም ጉዞ የመጡ ሆነው አገኟቸው። ስሜት ያጣው ሥጋ ካረፈ እንደ ማንኛውም ሰው ሥጋ ይድናል፤ የማይድነው ስለማያርፍ ነው።

ለማሳረፍ የተገኘው የመጀመሪያው መንገድ ጀሶ ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት በሕንድና በሲሎን የሚሠሩ ሐኪሞች የቆሰለውን እግር ልክ እንደ ተሰበረ እግር በጀሶ ማሰር ጀምረው ነበር። ጀሶው ከውስጥ እግር እስከ ቅልጥም ድረስ ገላውን ተጠግቶ ሲታሰር፣ በአንዲት ነጥብ ላይ ይወድቅ የነበረው ክብደት በእግሩ ሁሉ ላይ ይካፈላል። ሕመምተኛው እየሄደም ቁስሉ ያርፋል።

ጀሶ ግን የተከፈተን ቁስል ለመዝጋት እንጂ ዕድሜ ልክ ለመሄድ አይሆንም። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ጫማ ያስፈልጋል። በቬሎር ከብዙ ሙከራ በኋላ የተመረጠው ጥቃቅን ዝግ የአየር ቋቶች ያሉት ማይክሮሴሉላር ጎማ ነው። ይህ ጎማ ለስላሳ ሆኖ ሳለ በክብደት ብዛት ቶሎ አይደፈጠጥም። ከበላዩ ለእግሩ ይመቻል፤ ከበታቹ እሾህና ምስማር የማያሳልፍ ጠንካራ ጎማ ይለጠፍበታል። ስሜት የሌለው እግር የወጣ ምስማር ላይ ቀኑን ሙሉ ሊረግጥ ስለሚችል፣ ጫማው በምስማር ሳይሆን በስፌትና በማጣበቂያ እንዲያያዝ ተደረገ።

በዚያው ዘመን በናይጄሪያ ይሠራ የነበረው ኧርነስት ፕራይስ በ1959 ባሳተመው ጥናት የውስጥ እግር ቁስል ሦስት ደረጃዎች እንዳሉት አስረዳ። መጀመሪያ ቁስሉ ያስጠነቅቃል፤ ቀጥሎ በቆዳ ተሸፍኖ ይደበቃል፤ በመጨረሻም ይከፈታል። መጅን ለሚይዝ ባለሙያ ይህ ትምህርት ከፍ ያለ ዋጋ አለው። ወፍሮ የቆየ መጅ በውስጡ የተደበቀ ቁስል ሊኖረው ይችላልና፣ ሳያነሡትና ሳያዩት ደኅና ነው ማለት አይቻልም።

የቮለር ሐዲድና የእግር ድካም

ብራንድ በ1966 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሉዊዚያና ግዛት በካርቪል በነበረው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ምርምሩን ቀጠለ። በዚያ የተደረገው ሙከራ ለመሐንዲስ እንግዳ አይሆንም። የአይጥ መዳፍ በመሣሪያ በቀን ብዙ ሺህ ጊዜ በመጠነኛ ግፊት እንዲመታ ተደረገ። አንዱ ምት ብቻውን ምንም ጉዳት አያመጣም። ቀናት ሲያልፉ ግን መዳፉ ሞቀ፣ አበጠ፣ ቆሰለ። የምቱ ቁጥር ተቀንሶ የዕረፍት ቀን ሲሰጠው ግን ቆዳው ወፍሮ ጫናውን ቻለ። መጅና ቁስል ከአንድ ምክንያት የሚወለዱ መሆናቸው፣ የሚለያያቸውም የድግግሞሹ ብዛትና ዕረፍት መኖር አለመኖሩ መሆኑ በዚህ ተገለጠ።

ጀርመናዊው የባቡር መሐንዲስ አውጉስት ቮለር ከ1850ዎቹ ጀምሮ እስከ 1870 ድረስ በሠረገላ ዘንጎች ላይ ያደረገው ሙከራ ያረጋገጠው ሐሳብ ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ብረት አንድ ጊዜ ቢጫንበት የሚችለው ጭነት ደጋግሞ ሲመላለስበት ይሰብረዋል፤ ይህም የብረት ድካም ይባላል። ልዩነቱ ብረት ራሱን አለመጠገኑ፣ ሥጋ ግን ጊዜ ከተሰጠው ራሱን መጠገኑ ነው። ስለዚህም በእግር ላይ ዕረፍት እንደ መድኃኒት ይቆጠራል።

በካርቪል ብራንድ ጫና ጉዳት የሚያደርስባቸውን መንገዶች ከፍሎ አሳየ። አንደኛው ሹል ነገር በአንድ ጊዜ ሲወጋ ነው። ሁለተኛው እንደ ጠባብ ጫማ ያለ ትንሽ ግፊት ለብዙ ሰዓት ሳይለቅ ደም ሲያግድ ነው። ሦስተኛው መጠነኛ ግፊት በእርምጃ ብዛት ሲደጋገም ነው። መጅ ባለበት እግር ላይ የሚበዛው ይህ ሦስተኛው ነው።

የጠፋውን የሕመም መለኪያ ለመተካትም ልዩ ልዩ ዘዴዎች ተፈለጉ። በ1947 ሃሪስና ቢዝ የተባሉ ሐኪሞች የካናዳ ወታደሮችን እግር ሲመረምሩ የተጠቀሙበት፣ ቀለም የተቀባ የጎማ ምንጣፍ ጫና የበዛበትን ቦታ አጥቁሮ ያሳያል። በካርቪል በግፊት የሚፈነዱ የቀለም ቅንጣቶች ያሉበት ካልሲ ተሞከረ፤ የቆዳ ሙቀትም ይለካ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የተስፋፋው ግን የናይሎን ክር ነው። በ1986 በርክና ሲምስ ባሳተሙት ጥናት፣ ሲጎብጥ 10 ግራም ያህል ኃይል የሚያሳርፍ ክር በውስጥ እግሩ ላይ ሲነካው የማይሰማው ሰው ለቁስል የተጋለጠ መሆኑ ታወቀ። ይህች ርካሽ ክር ዛሬ በዓለም ዙሪያ የስኳር በሽተኞች እግር መመርመሪያ ሆናለች።

ምላጭ ብቻውን

ከሥጋ ደዌ የተገኘው ዕውቀት ወደ ስኳር በሽታ የተሻገረው እንዲህ ባለው መንገድ ነው። በ1989 በአሜሪካ በታተመ አንድ ንጽጽር፣ በጀሶ ከታሰሩት 21 የስኳር በሽተኞች መካከል የ19ኙ ቁስል ሲድን፣ በተለመደው የቁስል ማሸግ ከታከሙት 19 መካከል የዳነው የ6ቱ ብቻ ነበር። የዳኑት በአማካይ የፈጀባቸውም በጀሶ 42 ቀን፣ በማሸግ 65 ቀን ነው። በ1992 ከእንግሊዝ የወጣ ጥናት ደግሞ ከስኳር በሽተኞች ውስጥ እግር ላይ መጁ ሲነሣ በዚያው ቦታ ይወድቅ የነበረው ከፍተኛ ግፊት በሩብ ያህል እንደሚቀንስ ለካ። ትሬቭስ ከመቶ ዓመት በፊት በልምድ የተናገረው በመሣሪያ ተረጋገጠ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ግን ምላጭ ብቻውን ይበቃል የሚያሰኝ አይደለም። በ2005 በእንግሊዝ የታተመ ሌላ ጥናት የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸውን ሰዎች የሚያም መጅ ተመለከተ። ለአንዱ ወገን መጁ በእርግጥ ተፋቀለት፤ ለሌላው ወገን የተፋቀ መስሎት ሳይፋቅ ቀረ። የሕመሙ መቀነስ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረውም። አጥንቱ እንደ ገፋ፣ ጫማውም እንዳለ ነውና ተፋቀ የተባለው መጅ ተመልሶ ይወጣል። የሕንፃ ግድግዳ ሲሰነጠቅ ስንጥቁን በኖራ ደፍኖ መሠረቱን እንዳለ መተው እንደ ማለት ነው።

ስለዚህ የዛሬው አያያዝ በሁለት እጅ ይሠራል። በአንዱ እጅ የሠለጠነ ባለሙያ የእግሩን የደም ዝውውር አስቀድሞ መርምሮ መጁን በየጊዜው በስሱ ያነሣል፤ በሌላው እጅ ጫናው በሚመች ንጣፍና በሰፊ ጫማ ይካፈላል። ሕመምተኛው በየቀኑ ውስጥ እግሩን ይመለከታል፤ ዐይኑ ወይም ወገቡ ካልፈቀደለት ቤተ ሰቡ ይመለከትለታል። በመጁ ውስጥ የጠቆረ ነጥብ፣ ከሌላው እግር ይልቅ የሞቀ ቦታ፣ እርጥበት ወይም ሽታ ከተገኘ ቁስል እንደ ተደበቀ ተቆጥሮ ወዲያው ወደ ሐኪም ይኬዳል። በምላጭ ራስን መቁረጥና ቆዳ የሚበላ አሲድ መለጠፍ ስሜት ለጎደለው እግር ክልክል ናቸው። ደረቅ ቆዳን ለማለስለስ የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች እግራቸውን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈው ቅባት እንዲቀቡና በድንጋይ በቀስታ እንዲፈገፍጉ ይመከራል። ለስኳር በሽተኛ ግን መዘፍዘፉ አይመከርም፤ አጥቦ፣ በጣቶቹ መካከል ጭምር አድርቆ፣ ከጣቶቹ መካከል በቀር ቅባት መቀባት ይበቃዋል።

በአገራችን

ይህ ታሪክ በኢትዮጵያም ያለፈ ነው። በ1965 በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ በተለምዶ አለርት የሚባለው የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌና ተሐድሶ ማሠልጠኛ ማዕከል ሲቋቋም፣ ከአህጉሩ የሚመጡ የሕክምና ባለሙያዎች የሚማሩበት ቦታ ሆነ። ከቀዶ ሕክምናው ጎን ለጎንም የአካል ድጋፍና የጫማ መሥሪያ አውደ ጥናት ተቋቋመ። በናይጄሪያ የቁስሉን ደረጃዎች ያጠናው ኧርነስት ፕራይስም በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በ1970ዎቹ ሌላ የእግር ችግር ተመለከተ። በደጋ በሚኖሩ ባዶ እግር ገበሬዎች ላይ የሚታየው የዝሆኔ ዓይነት እብጠት፣ ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተገኘውን ቀይ አፈር ለዓመታት በባዶ እግር ከመርገጥ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስረዳ። በሽታው ከመጅ የተለየ ቢሆንም መከላከያው ያው ነው፦ መታጠብና ጫማ።

በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች የሥጋ ደዌን በተቀናጁ መድኃኒቶች ማከም ከመከሩ ወዲህ ተህዋሲው ይሞታል፣ በሽታውም ይድናል። የሞተ ነርቭ ግን አይመለስም። ከበሽታው የዳነ ሰው ቀሪ ዕድሜውን ሁሉ ስሜት በሌለው እግር ይሄዳል። በሌላ በኩል የስኳር በሽታ በከተማም በገጠርም እየታየ ነው። ትናንት በሥጋ ደዌ ምክንያት የተማርነው የጫማ ዕውቀት ዛሬ ለሌላ ሕመምተኛ ይፈለጋል።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ከሐኪሙ እጅ ይወጣል። መጅ የሚያነሣ ባለሙያ ማሠልጠን የጤና ተቋማት ድርሻ ነው፤ ጫማው ግን የቁሳቁስ፣ የቅርጽና የወጪ ጥያቄ ነው። ንጣፉ ምን ያህል ይለስልስ? ከስንት ወር በኋላ ደፍጥጦ መለወጥ ይኖርበታል? ሶሉ ጠንካራና ወደ ፊት የሚንከባለል ቢሆን ከጣቶች ሥር የሚወርደው ጫና ምን ያህል ይቀንሳል? ከአሮጌ ጎማ በረባሶ የሚሠራው የገበያ ጫማ ሰሪ ከበላዩ ተስማሚ ንጣፍ ቢያገኝ ምን ይሠራልን? እነዚህ ጥያቄዎች የሚመለሱት በቤተ ሙከራና በአውደ ጥናት ነው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ በመለኪያ የሚመለስ አይደለም። በብዙ አገር ለሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ተለይቶ የተሠራ ጫማ፣ ባለቤቱን ከሩቅ የሚያስታውቅ በመሆኑ ሳይለበስ ከአልጋ ሥር ሲቀመጥ ታይቷል። ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም፣ ገበያ ለመውጣት፣ ለቅሶ ለመድረስ ሕመምተኛው እግሩን የሚጎዳውን የሰው ሁሉ ጫማ መርጦ ይሄዳል። ስለዚህ ግፊትን በሚገባ የሚያካፍል፣ በአገር ውስጥ የሚጠገን፣ ዋጋው የሚቻል ጫማ ሲታሰብ፣ ከጎረቤት ጫማ የማይለይ መልክ እንዲኖረው ማድረግም ከንድፉ መለኪያዎች አንዱ ሆኖ መጻፍ ይኖርበታል። ያልተለበሰ ጫማ ጫና አያካፍልም።